አንድ ጉንጭ የአጋም ውሃ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው። «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላሞቹ ተሽጠዋል፣ በረቱ የነበረበት ቦታ ላይም ድንኳን ተተክሏል። ዝም ብላችሁ ብቻ ስሙኝ። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ ተረቱ ደግሞ የሚረዝም ነው፣ የምትጎዱት እናንተው ናችሁ።

አጋም ውሃ በሚባል አገር አንዲት ደብሪቱ የምትባል አሮጊት ነበረች። ባሏ አያ ጓንጉል ይባላል። ጓንጉል በጉብዝናው ዘመን የአገሩ የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ማለት ምንጩን የሚያስጠርግ፣ ተራ የሚያስይዝ፣ «አንቺ ቀድተሻል ዞር በይ፤ አንተ ከብትህን አጠጥተሃል ንዳ» የሚል ሰው ነው። ሰዉ ይፈራው ነበር፣ ዞር ሲል ያማውም ነበር፤ እሱ ባለበት ግን አጋም ውሃ ምንጭ ላይ ዱላ የተማዘዘ የለም።

ታዲያ ይህ ሰው ታመመ። ጉሮሮው ላይ አንድ ክፉ ነገር ወጣበት። ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና ደብሪቱን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «ወደ ቤት ይውሰዷቸው፤ ደስ ያላቸውን ይስጧቸው» አላት። ደብሪቱ ሞኝ አይደለችም፣ ገባት። ወተት ሰጠችው፣ መለሰው። አጥሚት ሰጠችው፣ መለሰው። የቦኖ ውሃ ሰጠችው፤ የቦኖው ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ የቆሰለ ጉሮሮውን ለበለበው። አንድ ቀን ጠዋት እጇን ያዘና በተረፈችው ድምፁ፣ «ደብሬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ከአጋም ውሃ አንድ ጉንጭ ብቻ አምጪልኝ» አላት። ማር አላለ፣ ጠጅ አላለ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ አለ።

ቀላል ይመስላል አይደል? ቆዩማ።

ምንጩ ዛሬ የአገሩ ሰው ንብረት አይደለም። ከከተማ የመጡ ሰዎች ጫካውንም ምንጩንም በሽቦ አጥረው «የተፈጥሮ ማረፊያ» አደረጉት። ድንኳን ተከሉ። ድንኳን ስላችሁ የለቅሶ ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡ አራት ሰው የሚያስተኛ አልጋ አለው፣ ከአልጋው ወዲያ ከድንጋይ የተፈለፈለ መታጠቢያ ገንዳ አለው፣ መብራቱ ከፀሐይ ነው የሚመጣው። ባለጠጋ ከከተማ ይመጣና እዚያ ተጋድሞ ወፍ ያዳምጣል። ወፍ ማዳመጥ ምን ክፋት አለው? ምንም። ወፎቹ እኮ ድሮም በነፃ ነው የሚዘፍኑት።

አንድ ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። ማረፊያው በተከፈተ ሰሞን ሰዎቹ በየቤቱ እየዞሩ፣ «አሮጌ እንስራ፣ ገንቦ፣ ቅል ያለው ያምጣ፤ በምትኩ አዲስ ጀሪካን እንሰጣለን» አሉ። የአገሩ ሰው ከት ብሎ ሳቀ። «ጭስ የጠገበ እንስራ ወስዶ አዲስ ጀሪካን የሚሰጥ ሞኝ ከየት ተገኘ! ሳይነቁ ቶሎ ቶሎ በሉ!» ተባባለና ተሽቀዳደመ። ደብሪቱም የእናቷን እንስራ አዝላ ሄዳ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ ተመለሰች፤ መንገዱን ሙሉ ትስቅ ነበር። እንስራው ታቹ ተበስቶ አበባ ተተከለበት፣ ቅሉ ሆዱ ተበስቶ መብራት ገባበት። በአገሩ ውስጥ ገንቦ ለመድኃኒት ቢፈለግ የማይገኝ ሆነ።

እንግዲህ ደብሪቱ ያቺን ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወደ ሽቦው በር ሄደች። በሩ ላይ ዘበኛው ሲራጅ ቆሟል። ሲራጅ የጎረቤቷ ልጅ ነው፤ ሲወለድ እልል ያለችለት እሷ ናት።

«ሲራጅ ልጄ፣ ሲራጅ ልጄ፣ በሩን ክፈትልኝ። በር ካልተከፈተ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጓንጉል ጉሮሮው ደርቆ ተኝቷል።»

ሲራጅ ጀሪካኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «እማማ ደብሪቱ፣ ፕላስቲክ ክልክል ነው። ተፈጥሮን ይጎዳል ተብለናል» አለ።

«የሰጣችሁን እኮ እናንተው ናችሁ!»

«አውቃለሁ እማማ። እኔ ምን ላድርግ?»

«በጣሳስ?»

«ጣሳ ለዓይን አያምርም ይላሉ። በገንቦ ወይም በቅል የመጣ ብቻ ነው የሚገባ። እሱ የአገር ባህል ነው፣ እንግዶቹም ፎቶ ያነሡታል።»

«እንግዲያው አንተ በመዳፍህም ቢሆን ቀዳ አድርገህ አምጣልኝ። ጓንጉል አንድ ጉንጭ ብቻ ነው ያለኝ።»

ሲራጅ መሬት መሬት አየ። ከሱ በፊት የነበረው ዘበኛ ለአንዲት ነፍሰ ጡር በጣሳ ውሃ አውጥቶ ሰጥቶ፣ በዚያው ከሥራው ተባሯል። ሲራጅ ደግሞ የሚያበላቸው ልጆች አሉት። «ገንቦ ካላመጡ አልከፍትም» አላት።

ደብሪቱ ጀሪካኑን እዚያው በሩ ላይ ጥላ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ፋጤ ሄደች።

«ፋጤ እህቴ፣ ፋጤ እህቴ፣ ገንቦ ስጪኝ። ገንቦ ከሌለ ሲራጅ በር አይከፍትም፣ በር ካልተከፈተ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጓንጉል ጉሮሮው ደርቆ ተኝቷል።»

ፋጤ ከንፈሯን መጠጠች። ከጥላው ሥር አንዲት ያማረች ገንቦ አንሥታ አሳየቻት። «ለማረፊያው ነበር የሠራኋት፤ ላንቺ ትሁን፣ በጓንጉል ነገር አልጨክንም። ግን ጥሬ ናት። ጥሬ ሸክላ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ጭቃ ነው የሚሆነው። ባልሽን ጭቃ ልታጠጪው ነው? እሳት ካልነካት ገንቦ አልሰጥም።»

«ታዲያ እሳት ውስጥ ክተቻታ!»

«በምኑ? ኩበቱን ለአትክልታቸው ብለው ለቅመው ወሰዱት። ባሕር ዛፉ ለአጥራቸው ቋሚ ሆኖ አለቀ። ጫካው እንደሆነ ታጥሯል። አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ብቻ አምጪልኝና ያኔውኑ እለኩሳለሁ።»

ደብሪቱ ወደ ጫካው ዳር ሄደች። እዚያ አንድ ትልቅ ወይራ አለ፤ ግንዱ ከሽቦው ወዲያ፣ ቅርንጫፉ ከሽቦው ወዲህ። አንደኛው ቅርንጫፉ ከደረቀ ሰንብቷል። «ዛፍ ይናገራል እንዴ?» የሚል ሰው ይኖራል መቼም። ሰው አልሰማ ሲል ዛፍ ይናገራል፤ ዝም ብላችሁ ስሙ ብያለሁ።

«ወይራ ሆይ፣ ወይራ ሆይ፣ ደረቁን ቅርንጫፍህን ጣልልኝ። ቅርንጫፍ ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ፋጤ ገንቦ አትሰጥም፣ ገንቦ ከሌለ ሲራጅ በር አይከፍትም፣ በር ካልተከፈተ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጓንጉል ጉሮሮው ደርቆ ተኝቷል።»

ወይራው ተንሿሿ። «ደብሪቱ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ፤ ከሥሬ እንጨት እየለቀምሽ ነው ያደግሽው። ይህ ቅርንጫፍ ለኔም ሸክም ነው። ነገር ግን ይኸው ደረቴ ላይ ቆርቆሮ ቸንክረውብኛል። ‹የደረቀውም ቢሆን አይነካ፣ የጉንዳን ቤት ነው› ይላል። ብጥልልሽ የሚይዙት አንቺን ነው። የሥራ አስኪያጁ ቃል ካልመጣ ቅርንጫፍ አልጥልም።»

«ለጉንዳን ቤት ያሰቡ ለጓንጉል ምነው ማሰብ አቃታቸው!» አለች ደብሪቱ። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ወይራው ምን ይበላት?

ወደ ሥራ አስኪያጁ ከመሄዷ በፊት ቤቷ ብቅ አለች። የጓንጉል እህት ይመኙሻል ራስጌው ቁጭ ብላ ዝንብ እሽ ትልለታለች። «መጣች ወይ እያለ ነው» አለቻት። ጓንጉል ዓይኑን ገለጥ አድርጎ እጇን አየ፣ ባዶ ነው፣ መልሶ ከደነ። ደብሪቱ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ናሆም ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን መናገር ነው። በሩ ድረስ ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት፣ «እናቴ» አላት፣ የሚያርፉበት ብሎም ጉማጅ እንጨት አቀረበላት።

«አቶ ናሆም፣ አቶ ናሆም፣ ቃልዎን ይስጡኝ። ቃልዎ ከሌለ ወይራው ቅርንጫፍ አይጥልም፣ ቅርንጫፍ ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ፋጤ ገንቦ አትሰጥም፣ ገንቦ ከሌለ ሲራጅ በር አይከፍትም፣ በር ካልተከፈተ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጓንጉል ጉሮሮው ደርቆ ተኝቷል።»

ናሆም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ልቤን ነው የነኩት እናቴ። እኛ እኮ የቆምነው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ነው» አለ። ማኅበረሰብ የተባለችው እሷ መሆኗን ደብሪቱ አላወቀችም፤ ሌላ የተቸገረ ሰው ያለ መስሏት «እግዜር ይርዳው» አለች።

«ነገር ግን» አለ ናሆም፣ «ቅርንጫፍ ሲወድቅ ይጮኻል። ውስጥ አንድ ትልቅ እንግዳ አለን። እንቅልፍ አጥቶ ነው ወደኛ የመጣው፤ እዚህም መጥቶ እንቅልፍ አጣ፣ ሻንጣውን አሰናድቶ ልሂድ እያለ ነው። ተቆጥቶ ሄዶ ስማችንን ካጠፋ ሲራጅም ይበተናል፣ እኔም እበተናለሁ። እሱ ተኝቶ ተነሥቶ ደህና አደርኩ ካላለኝ ቃል አልሰጥም።» ከዚያም አዘነላትና አንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ አመጣላት። «ለጊዜው ይህን ይስጧቸው፤ ንጹሕ ነው፣ ከዚያኛውም ይሻላል።»

ደብሪቱ ጠርሙሱን ወስዳ እየሮጠች ቤቷ ገባች። በስኒ ቀድታ፣ «ይኸው ጓንጉል፣ ከአጋም ውሃ አመጣሁልህ» አለችው። ዋሸች፣ ምን ታድርግ! ጓንጉል ምላሱን አርሶ ቆየት አለና ቀና ብሎ አያት።

«ደብሬ፣ እኔን?» አላት።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ያ ሁሉ ዘመን ምንጭ የጠበቀ ሰው ውሃውን በምላሱ ያውቀዋል። ደብሪቱ በሕይወቷ እንዲያ አፍራ አታውቅም፤ ደጅ ወጥታ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ በሽቦው ዳር ዳር እንግዳውን ፍለጋ ሄደች።

እንግዳው ሽቦው አጠገብ በሁለት ዛፎች መሃል በተንጠለጠለ የገመድ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ወፍራም ጋቢ ለብሷል፣ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ጌታው፣ ጌታው፣ ትንሽ ይተኙልኝ። እርስዎ ካልተኙ ናሆም ቃል አይሰጥም፣ ቃል ከሌለ ወይራው ቅርንጫፍ አይጥልም፣ ቅርንጫፍ ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ፋጤ ገንቦ አትሰጥም፣ ገንቦ ከሌለ ሲራጅ በር አይከፍትም፣ በር ካልተከፈተ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጓንጉል ጉሮሮው ደርቆ ተኝቷል።»

እንግዳው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እማማ፣ እኔስ መተኛት ጠልቼ መሰለዎት? ከተማ ውስጥ መኪናው እንቅልፍ ነሣኝ፣ እዚህ መጣሁ፣ እዚህ ደግሞ ያ ጅብ አለ። ገና ዓይኔን ስከድን ይጮኻል። ጅቡ ዝም ካላለ አልተኛም።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል፣ «ለመሆኑ የዚያ ምንጭ ውሃ እውነት ያን ያህል ይጥማል? እኔ ሆዴን ያውከኛል ብዬ አልቀመስኩትም፤ ገላዬን ነው የምታጠብበት» አላት።

ደብሪቱ አንድ ነገር ልትለው ነበር፣ ቢቆጣና ጭራሽ እንቅልፉ ቢጠፋስ ብላ ዋጠችው። እጅ ነሥታ ሄደች።

ጅቡ ከአገሩ በታች ባለው ገደል ውስጥ ዋሻ አለው። በጠራራ ፀሐይ ወርዳ ደጁ ላይ ቆመች። ትፈራ ነበር፤ ግን ከጅቡ ይልቅ ባዶ እጇን ቤቷ መመለሱን ነው የፈራችው።

«አያ ጅቦ፣ አያ ጅቦ፣ ዝም በልልኝ። አንተ ዝም ካላልክ እንግዳው አይተኛም፣ እንግዳው ካልተኛ ናሆም ቃል አይሰጥም፣ ቃል ከሌለ ወይራው ቅርንጫፍ አይጥልም፣ ቅርንጫፍ ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ፋጤ ገንቦ አትሰጥም፣ ገንቦ ከሌለ ሲራጅ በር አይከፍትም፣ በር ካልተከፈተ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጓንጉል ጉሮሮው ደርቆ ተኝቷል።»

አያ ጅቦ እየተንገዳገደ ወጣ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። «እኔ ነኝ የምጮኸው? ሆዴ ነው እንጂ!» አለ። «ድሮ የሞተ በግ ትጥሉልኝ ነበር፣ አጥንት ትወረውሩልኝ ነበር። ዛሬ ግጦሹ ታጠረ፣ ከብቱ ተሸጠ። ወደ ማረፊያው ብሄድ፣ እነሱ ደግሞ ትርፍራፊያቸውን ጉድጓድ ቆፍረው አፈር ያለብሱታል። ‹ወደ ተፈጥሮ እየመለስን ነው› ይላሉ። እኔስ ተፈጥሮ አይደለሁም?»

«ነህ እንጂ» አለች ደብሪቱ።

«እንግዲያው ሆዴ ካልሞላ አፌ አይዘጋም።»

«ምን አለኝ ብለህ ነው አያ ጅቦ? ቤቴን ታውቀዋለህ።»

ጅቡ ምራቁን ዋጥ አደረገ። ትንሽ ማፈሩም አልቀረ፣ ፊቱን ወደ ጎን መለሰና፣ «አህያ አለችሽ አይደል» አላት።

ደብሪቱ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። ያቺ አህያ ከቤቱ የቀረች የመጨረሻ እንስሳ ናት። በሷ ነው እህል ወፍጮ ቤት የሚደርሰው፣ በሷ ነው ከቦኖ ውሃ የሚመጣው፣ ጓንጉልንም ሐኪም ቤት ያደረሰችው እሷ ናት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የአህያ ጌታስ ምን የተለየ ነው? ደብሪቱ ነገሩን በሆዷ አገላበጠችው። አህያዋን ብትሰጥ ነገ ምን ይውጣታል? ባትሰጥ ደግሞ ጓንጉል ያቺን ጉንጭ ሳያገኝ ይሞታል። ነገ የራሱ ጉዳይ ነው ብላ ተነሣች።

ቤቷ ስትደርስ ይመኙሻል ደጅ ድረስ ወጥታ ጠበቀቻት። «ወዲያ ወዲህ አትበይ እንጂ ደብሬ፣ እየራቀን ነው። ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው» አለቻት። ደብሪቱ አልገባችም። በጓሮ ዞራ አህያዋ ወደታሰረችበት ሄደች። አህያዋ ልትጫን መስሏት ጀርባዋን አስተካከለች።

«አህያዬ፣ አህያዬ፣ ወደ ገደሉ ውረጂልኝ። አንቺ ካልወረድሽ ጅቡ አይጠግብም፣ ጅቡ ካልጠገበ ዝም አይልም፣ ጅቡ ዝም ካላለ እንግዳው አይተኛም፣ እንግዳው ካልተኛ ናሆም ቃል አይሰጥም፣ ቃል ከሌለ ወይራው ቅርንጫፍ አይጥልም፣ ቅርንጫፍ ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ፋጤ ገንቦ አትሰጥም፣ ገንቦ ከሌለ ሲራጅ በር አይከፍትም፣ በር ካልተከፈተ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጓንጉል… ጓንጉልማ እየሄደብኝ ነው።»

እንግዲህ አስተውሉልኝ። እስካሁን የለመነቻቸው ሁሉ ምክንያት ነበራቸው። ዘበኛው ምክንያት ነበረው፣ ሸክላ ሠሪዋም ነበራት፣ ዛፉም፣ አለቃውም፣ ባለጠጋውም፣ ጅቡም ሳይቀር ነበረው። ሁሉም ምክንያት ደግሞ እውነት ነበር፤ ውሸታም አላጋጠማትም። ምክንያት ያልነበራት አህያዋ ብቻ ናት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ውሃሽን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች አህያዋ። «ዛሬም በኔ የሚመጣ ከሆነ ያው የለመድኩት ሥራ ነው። እንሂድ።»

ደብሪቱ አንገቷን አቅፋ «ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ እናቴ» አለቻት። ገመዱን ፈታችላት፤ ታስራ እንድትሄድ አልፈለገችም። አመሻሽ ላይ ጎን ለጎን ወረዱ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ አህያዋ ብቻዋን ቀጠለች፣ ደብሪቱ ጆሮዋን በነጠላዋ ደፍና ዳገቱን እየሮጠች ወጣች።

ከዚያ በኋላማ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቀና። አህያዋ ወረደች፣ ጅቡ ጠገበ። ጅቡ ጠገበና ዝም አለ። ጅቡ ዝም ሲል እንግዳው ተኛ፣ እንደ ሕፃን ተኛ፣ ጠዋት እየተንጠራራ ተነሥቶ «ደህና አደርኩ!» አለ። እንግዳው ደህና ሲያድር ናሆም ቃሉን ሰጠ። ቃሉ ሲመጣ ወይራው ደረቅ ቅርንጫፉን ጣለ። ቅርንጫፉ ሲመጣ ፋጤ እሳቱን ለኮሰች። እሳቱ ገንቦዋን አጠነከራት። ደብሪቱ ገንቦዋ እስክትበርድ ድረስ እንኳ አልታገሠችም፤ ትኩሷን በጨርቅ ጠቅልላ ተሸክማ ሮጠች። ገንቦዋን ሲያይ ሲራጅ በሩን ከፈተ፤ ወለል አድርጎ ከፈተ፣ «ይግቡ እማማ፣ ይግቡ» አለ። ምንጩማ ድሮም እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ተንቆርቁሮ ሞላላት።

ስትወጣ እንግዳው ቁርሱን እየበላ አያት። ያቺ አሮጊት ጎብጣ፣ ገንቦዋን በገመድ አዝላ፣ ከኋላዋ አረንጓዴው ጫካ። «እንዴት ያምራል! እማማ፣ አንዴ ቀና ይበሉልኝ» ብሎ ፎቶ አነሣት። ደብሪቱ አልቆመችለትም።

ውሃው ጀርባዋን ያቀዘቅዛታል። የሚሸከምላት አህያ የለም፣ ወገቧ እየተቆረጠ ነው፤ እሷ ግን ደስ ብሏታል። እውነት ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሏት ነበር። «ጠብቀኝ ጓንጉል፣ ደረስኩልህ፤ ይኼኛው ውሸት አይደለም፣ ይኼኛው ራሱ ነው» እያለች ብቻዋን እያወራች ነው የሄደችው።

ከቤቷ በላይ ካለው መታጠፊያ ስትደርስ ደጁ ላይ ሰው ቆሞ አየች። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ሴቶቹ ገንቦዋን ሲያዩ መንገድ ለቀቁላት። ይመኙሻል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች።

«አሁን ነው ደብሬ። አሁን፣ በር በሩን እያየ» አለቻት።

ደብሪቱ አልጮኸችም። ገንቦዋን እንዳዘለች ገባች። እግሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ከቦኖ የመጣ ውሃ በጀሪካን አስቀምጠው ሊያጥቡት እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

«ያንን ድፉት» አለች።

«ደብሪቱ ልጄ…»

«ድፉት አልኩ! ጨው ነው፣ ይለበልበዋል።»

ሽማግሌው ጀሪካኑን ይዘው ወጡ። ደብሪቱ ገንቦዋን አወረደች። በመዳፏ አንድ ጉንጭ ቀዳችና ከንፈሩ ላይ አደረገችለት። ውሃው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ በጺሙ ውስጥ ወርዶ አንገቱ ሥር ገባ። «ጠጣ እንጂ» አለችው። «ጓንጉል፣ ጠጣ እንጂ።» ሁለተኛም ቀዳች፣ ሦስተኛም ቀዳች። ከዚያ ይመኙሻል እጇን ይዛ አስነሣቻት፤ ሽማግሌውም ተመልሰው ገቡና ገንቦዋን ጎንበስ አደረጓት።

አንድ ጉንጭ ነበር የለመነው፤ አንድ ገንቦ ሙሉ አፈሰሱበት።

ተረቴ ይኸው ነው። መልሱልኝ አልልም፣ ዳቦውንም ለራሳችሁ ብሉት።